ኦቶፋጂ የአንጀት ካንሰር ሕዋስን ይገድላል ወይስ ከሞት ያተርፋል?

ጥያቄው ከባሕር ዳር የቀረበ ነው። ጠያቂያችን እንዲህ ብለዋል፦ «አባቴ የዘጌ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው 61 ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኝቶባቸው ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣላቸው በኋላ በየሁለት ሳምንቱ በጀልባ ወደ ባሕር ዳር እየመጡ ፍሎሮዩራሲልና ኦክሳሊፕላቲን የተባሉ የኬሞ መድኃኒቶችን ይወስዳሉ። እኔ ባዮሎጂ የተማርኩ ነኝ። ጾም ኦቶፋጂን እንደሚቀሰቅስ፣ ኦቶፋጂ ደግሞ የካንሰር ሴል ራሱን በልቶ እንዲሞት እንደሚያደርግ በየቦታው ይነገራል። አባቴም ይህን ሰምተው ዐቢይ ጾምን በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሊጾሙ ቆርጠዋል። እኔ ግን ኦቶፋጂ የካንሰርን ሴል ከኬሞ ያስጥለዋል የሚል ጽሑፍም አንብቤያለሁ። እውነቱ የትኛው ነው?»

ውድ እኅቴ፣ አስቀድሜ ለአባትዎ ምሕረትን እመኛለሁ። እኔ በዚሁ በባሕር ዳር በፓቶሎጂ ሙያ የምሠራ፣ ከታካሚ አካል የተወሰደ ናሙናን በማይክሮስኮፕ የምመረምርና ተማሪዎችን የማስተምር ሰው ነኝ። ጥያቄዎ አንድ እግሩ በላቦራቶሪ፣ ሌላው እግሩ በአባትዎ ማዕድ ላይ የቆመ ነው፤ ማዕዱን በተመለከተ የምለው ነገር ከሕዋሱ አሠራር ስለሚመነጭ ከዚያ እጀምራለሁ። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጊዜ ቢያጡ እንኳ ይህን ይያዙልኝ፦ ካንሰር ሆኖ በቆመ የአንጀት ዕጢ ውስጥ ኦቶፋጂ አብዛኛውን ጊዜ ሕዋሱን ከሞት የሚያተርፍ እንጂ የሚገድል አይደለም። የሚገድልባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ ምግብ በመተው ግን አይደረስባቸውም።

ስሙ ራሱ ብዙ ሰው አሳስቷል። «ኦቶፋጂ» በግሪክ «ራስን መብላት» ማለት ሲሆን፣ ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1963 የሰጠው ላይሶዞምን ያገኘው የቤልጂየሙ ሳይንቲስት ክርስቲያን ደ ዱቭ ነው። ራሱን የሚበላ ሲባል ራሱን የሚያጠፋ ይመስላል። በሕዋሱ ውስጥ የሚሆነው ግን እንዲህ ነው፦ ያረጀ ማይቶኮንድሪያ (የሕዋሱ የጉልበት ማመንጫ)፣ ቅርጹ የተበላሸ ፕሮቲን ወይም ሰርጎ የገባ ባክቴሪያ ሲገኝ ድርብ ሽፋን ያለው ስስ ከረጢት ከጎኑ ይዘረጋል፤ ቀስ በቀስም ከብቦት አፉን ይዘጋል። ኦቶፋጎዞም የሚባለው ይህ ከረጢት ነው፤ ስፋቱ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ ገደማ ነው። ከዚያም አሲድና የሚፈጩ ኢንዛይሞች ከሞሉበት ላይሶዞም ጋር ይጋጠማል። የተያዘው ነገር ተፈጭቶ ፕሮቲኑ ወደ አሚኖ አሲድ፣ ስቡም ወደ ፋቲ አሲድ ከተመለሰ በኋላ ሕዋሱ ለግንባታም ለጉልበትም እንደገና ይጠቀምበታል። ይህን የሚያዝዙት በዋናነት ሁለት ተቃራኒ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ምግብ ሲትረፈረፍ ኤምቶር የተባለው ሥራውን ይገታዋል፣ ጉልበት ሲያንስ ደግሞ ኤኤምፒኬ የተባለው ዩኤልኬ1 የሚባለውን ቀስቃሽ አንቅቶ ሥራውን ያስጀምረዋል።

ጾምና ኦቶፋጂ በአንድ ዐረፍተ ነገር መጠራት የጀመሩት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ነገሩ መሠረት የለውም አልልም። የጃፓኑ ዮሺኖሪ ኦሱሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ይፋ ባደረገው ሥራው የእርሾ ሕዋሳትን ምግብ ነሥቷቸው የሚሆነውን ተመለከተ። ለዚህ ሥራ የመረጣቸው እርሾዎች የመፍጫ ኢንዛይም የጎደላቸው ስለነበሩ ከረጢቶቹ መፈጨት አቅቷቸው በሕዋሱ ጓዳ ውስጥ ተከማቹ፤ በተራ ማይክሮስኮፕም በዐይን ታዩ። በቀጣዩ ዓመት ለሥራው የሚያስፈልጉ 15 ጂኖችን ለይቶ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የኖቤል ሽልማት የተሰጠውም ለዚህ ነው። ልብ ይበሉልኝ፤ ኦሱሚ ያየው የተራበ ሕዋስ ራሱን ሲገድል አይደለም፤ በረሃብ ዘመን ራሱን ሲያቆይ ነው። ይህ አሠራር የጎደላቸው እርሾዎች ምግብ ሲነሡ ቶሎ የሚሞቱ ናቸው።

በክረምት ጎተራው የተሟጠጠበት ገበሬ ለዘር ካስቀመጠው ጤፍ ቆንጥሮ ቢያስፈጭ ቤተሰቡ ያን ሳምንት ይሻገራል። አዝመራው ከደረሰለት ተርፏል። ቁናውን ሁሉ ጠርጎ ከበላው ግን የሚዘራው የለውም፤ በረሃቡ ባይሞት በሚቀጥለው ዓመት ይጎዳል። የካንሰር ሕዋስም ከኦቶፋጂ ጋር ያለው ነገር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ጥያቄው በላ ወይስ አልበላም ሳይሆን ምን ያህል፣ ከምን ላይና እስከ መቼ በላ የሚለው ነው።

አሁን ወደ ሞቱ ልሂድ። የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን በየአራት አምስት ቀኑ የሚታደስ በመሆኑ በዚያ ሥፍራ ሞት የዕለት ሥራ ነው። በሮዝና በሰማያዊ ቀለም የተነከረ ስላይድ ከማይክሮስኮፑ ሥር ሳስቀምጥ ክሪፕት የሚባሉት ጉድጓድ መሰል የሽፋኑ እጥፋቶች ክብ ክብ ሆነው ይታያሉ። በመካከላቸው አንዳንድ ሕዋስ ከጎረቤቶቹ ተላቅቆ ተኮማትሮ አገኛለሁ፤ ዙሪያውን ቀጭን ነጭ ክፍተት ይከበዋል፣ አካሉ ደማቅ ሮዝ ይሆናል፣ ኒውክሊየሱም እንደ ጥቁር አዝሙድ ፍሬ ወደ ትናንሽ ጥቁር ነጠብጣቦች ይበታተናል። ይህ ሕዋሱ በሥርዓት ራሱን የሚያፈርስበት ሞት እ.ኤ.አ. በ1972 አፖፕቶሲስ ተብሎ ተሰየመ። ፈጻሚዎቹ ካስፔዝ የተባሉ ኢንዛይሞች ናቸው። ትእዛዙ ከውጭ ሲመጣ በሕዋሱ ቆዳ ላይ ባሉ ተቀባዮች በኩል ካስፔዝ 8ን ይቀሰቅሳል፤ ከውስጥ ሲነሣ ደግሞ ከማይቶኮንድሪያ ሳይቶክሮም ሲ የተባለ ፕሮቲን ያፈስና ካስፔዝ 9ን ያነቃል። ሁለቱም መንገድ ካስፔዝ 3 ላይ ይገናኛል። በማይቶኮንድሪያው በር ላይ ቆሞ የሚከለክለው ዘበኛ ቢሲኤል2 የተባለ ፕሮቲን ነው። ኬሞ የአንጀት ካንሰርን የሚገድለው በዋናነት በዚህ መንገድ ነው። ካንሰሩ ኬሞን የሚቋቋመውም ይህን መንገድ በመዝጋት ነው።

ኦቶፋጂና አፖፕቶሲስ ለየብቻ የሚሄዱ ሁለት መንገዶች አይደሉም። በበርካታ ቦታ በአንድ ፕሮቲን ላይ ይገናኛሉ፤ ያ ፕሮቲን ለሁለት ጌታ የሚገዛ ነው ማለት ይቻላል። ለምሳሌ የከረጢቱን ሥራ የሚያስጀምረው ቤክሊን 1 ሕዋሱ በጠገበ ጊዜ ከዚያው ከዘበኛው ቢሲኤል2 ጋር ታስሮ ይቀመጣል። ረሃብ ሲመጣ ቢሲኤል2 ላይ ፎስፌት ይለጠፍበትና እስሩ ይላላል፤ ቤክሊንም ወጥቶ ኦቶፋጂን ይጀምራል። የሞት ትእዛዝ ጠንክሮ ሲመጣ ግን ካስፔዞች ቤክሊንን ይቆርጡታል፤ ያን ጊዜ ኦቶፋጂው ይቆማል፣ የተቆረጠው ጫፍም ወደ ማይቶኮንድሪያ ሄዶ ሞቱን ያፋጥናል። ኤቲጂ5 የተባለው ሌላው የከረጢት ሠሪ ፕሮቲንም እንዲሁ ነው፤ ካልፔን በሚባል ኢንዛይም ሲቆረጥ ማትረፉን ትቶ ወደ ማይቶኮንድሪያ ይዞርና ሳይቶክሮም ሲ እንዲፈስ ያግዛል። አንድ መሣሪያ ሙሉ ሳለ ያድናል፣ ሲሰበር ይገድላል። እኔ በዚህ ዘርፍ ካነበብኳቸው ነገሮች ሁሉ ይህን ያህል የሚያስደንቀኝ የለም።

በተለይ በአንጀት ካንሰር ሕዋሳት ላይ የታየ አንድ ግንኙነት ልጨምር። በዓለም ላቦራቶሪዎች ሁሉ የሚታወቅ ኤችሲቲ116 የሚባል ከሰው የአንጀት ካንሰር የተገኘ የሕዋስ ዘር አለ። ባክስ የተባለ የሞት ፕሮቲን በተወገደባቸው የዚህ ዘር ሕዋሳት ላይ ከውጭ የሞት ትእዛዝ ሲላክ ካስፔዝ 8 ይነሣል፤ ሆኖም ሥራውን ከመፈጸሙ በፊት ኦቶፋጎዞሞች ከብበው ወደ ላይሶዞም ይወስዱትና ይፈጩታል። ገዳዩ ራሱ ተበላ ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ኦቶፋጂውን ሲያግዱት ካስፔዝ 8 ተረፈ፤ ሕዋሳቱም ሞቱ። በሌላ መንገድም ተመሳሳይ ነገር ይታያል፤ ኦቶፋጂ ሲታገድ ፎክሶ3 የተባለ ፕሮቲን ሳይፈጭ ይቀርና ፑማ የሚባለውን የሞት ጂን ያስነሣል፤ ሕዋሱም ከሞት አፋፍ ላይ ይቆማል። በዚህ ሰዓት ኬሞ ቢጨመርበት የሚወድቅበት ዕድል ከፍ ይላል።

ታዲያ ኦቶፋጂ ሁልጊዜ የካንሰር ወዳጅ ነውን? አይደለም፤ ሰዎች የሚምታታባቸውም እዚህ ላይ ነው። ጤናማ አንጀት ውስጥ ኦቶፋጂ ጠባቂ ነው። የተበላሸ ማይቶኮንድሪያ ሲጸዳ ዲኤንኤን የሚጎዱ ጎጂ የኦክስጅን ውሁዶች ይቀንሳሉ፤ የአንጀት ባክቴሪያዎችም ወደ ሽፋኑ ዘልቀው ብግነት እንዳይፈጥሩ ይረዳል። ኤቲጂ16ኤል1 በተባለው የኦቶፋጂ ጂን ላይ የሚገኝ አንድ የታወቀ ልዩነት ክሮንስ ለሚባለው የአንጀት ብግነት በሽታ እንደሚያጋልጥ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። የአንጀት ብግነት ለዓመታት ሲቆይ ደግሞ ለካንሰር መንገድ ይጠርጋል። ስለዚህ ካንሰር ከመነሣቱ በፊት ጥሩ የሚሠራ ኦቶፋጂ መኖሩ መልካም ነው።

ፖሊፕ፣ ማለትም በአንጀት ሽፋን ላይ የሚበቅል ትንሽ እብጠት፣ ወደ ካንሰር የሚለወጠው በአብዛኛው ለዓመታት በሚዘልቅ ጉዞ ሲሆን መንገዱም ብዙውን ጊዜ ኤፒሲ የተባለው ጂን ሲበላሽ ይጀምርና ኬራስና ፒ53 በተባሉት ላይ በሚደርስ ለውጥ ይቀጥላል። በዚህ መንገድ ላይ ጠባቂው ወገን ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት የኤፒሲ ጂናቸው የተጎዳ አይጦች ከአንጀታቸው ሽፋን ላይ ኤቲጂ7 የተባለው የኦቶፋጂ ጂን ሲወገድባቸው ዕጢ የማብቀል ነገሩ ተገታ። ምክንያቱ ሕዋሱ ስለደከመ ብቻ አልነበረም፤ የአንጀቱ ባክቴሪያዎች ስብጥር ተለውጦ የበሽታ መከላከያ ነጭ የደም ሕዋሳት ዕጢውን ማጥቃት ጀመሩ። ለአይጦቹ አንቲባዮቲክ ሲሰጥ ጥቅሙ ጠፋ። በማደግ ላይ ያለ ዕጢ መሐሉ ደም አይደርሰውም፣ ኦክስጅንና ስኳር ያጥረዋል፤ እንዲህ ያለ ሥፍራ ላይ የሚኖር ሕዋስ ያለ ኦቶፋጂ አይዘልቅም። አባትዎ ያሉበት ሁኔታ ከዚህኛው ዘመን ነው እንጂ ካንሰር ካልነበረበት ዘመን አይደለም።

ኬሞን በተመለከተ ያነበቡት ትክክል ነው። ፍሎሮዩራሲል የዲኤንኤ መሥሪያ ፊደሎችን ያጓድላል፤ ኦክሳሊፕላቲን ደግሞ የዲኤንኤን ክሮች እርስ በርስ ያጣብቃል። ሁለቱም ሕዋሱን ወደ አፖፕቶሲስ ይገፉታል። ጉዳት የደረሰበት ሕዋስ ግን በዚያው ሰዓት ኦቶፋጂን ያነሣና የተጎዱ ማይቶኮንድሪያዎችን እየጠራረገ ሳይቶክሮም ሲ ሳይፈስ ለመዳን ይሞክራል። እ.ኤ.አ. በ2017 በቻይና የተደረገ ጥናት በዚህ ላይ አዲስ ነገር አሳየ። ፉሶባክቴሪየም ኑክሊያተም የሚባል፣ መኖሪያው በተለምዶ የሰው አፍ የሆነ ባክቴሪያ በአንጀት ካንሰር ዕጢዎች ውስጥ ይገኛል፤ ከሕክምና በኋላ በሽታው በተመለሰባቸው ታማሚዎች ዕጢ ውስጥ ደግሞ በብዛት ተገኘ። ባክቴሪያው በሕዋሱ ቆዳ ላይ ያለ አንድ ተቀባይ ነክቶ ዩኤልኬ1ንና ኤቲጂ7ን የሚገቱ ሁለት ጥቃቅን አርኤንኤዎች እንዲቀንሱ ያደርጋል፤ ሁለቱ ገቺዎች ሲጠፉ ኦቶፋጂ ይነሣል፣ ሕዋሱም አባትዎ ከሚወስዷቸው ከእነዚያው ሁለት መድኃኒቶች ይተርፋል። የጥርስና የድድ ንጽሕና ካንሰርን ይፈውሳል እያልኩ አይደለም፤ ኦቶፋጂን ማነሣሣት በራሱ ሕክምና ነው ለሚሉት ግን ይህ ጥናት ብቻውን በቂ መልስ ይመስለኛል።

አሁን ትንሽ ልቆይበት የምፈልገው ነገር ላይ ደርሻለሁ፤ ምክንያቱም «ይህ ቅጠል፣ ይህ ቅመም በኦቶፋጂ የአንጀት ካንሰርን ገደለ» የሚሉ ብዙ ጽሑፎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ተመራማሪው ለሕዋሳቱ ንጥረ ነገር ይጨምራል፤ ሕዋሳቱ ይሞታሉ፤ በማይክሮስኮፕም ሲያይ በከረጢት ተሞልተዋል፤ ስለዚህ ከረጢቱ ገደላቸው ይላል። የሚለካው ብዙውን ጊዜ ኤልሲ3 የተባለው፣ በከረጢቱ ሽፋን ላይ የሚለጠፍ ፕሮቲን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ መታየቱ የታወቀውን እምቦጭ ያስቡ። በደምቢያና በፎገራ በኩል ያሉ ገበሬዎች ደረታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው እየነቀሉ ዳር ላይ ይከምሩታል። አንድ እንግዳ መጥቶ ትልቅ ክምር አየ እንበል። «ዛሬ እንዴት ያለ ሥራ ተሠርቷል!» ሊል ይችላል። ነገር ግን ክምሩ የበዛው ነቃዩ ስለበረታ ነው ወይስ ክምሩን የሚያነሣው ስለቀረ? በክምሩ ፎቶግራፍ ብቻ አይታወቅም። ነቃዮቹ እንደ ወትሮው ሠርተው፣ ማንሣቱ ግን ሦስት ቀን ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያውም የሚነቀለው ቀንሶም ክምሩ ሊያድግ ይችላል። ኤልሲ3ም ልክ እንዲሁ ነው። ሕዋሱ ውስጥ ቢበዛ ኦቶፋጂ ተነሥቷል ማለትም ይሆናል፣ ላይሶዞሙ መፍጨት አቅቶት ከረጢቱ ተከማችቷል ማለትም ይሆናል፤ ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው። ለመለየት ማንሣቱን ሆን ብሎ አቁሞ ክምሩ በስንት እንደሚጨምር መቁጠር ያስፈልጋል፤ በላቦራቶሪ ይህ የሚደረገው ላይሶዞሙን በመድኃኒት ዘግቶ ከመዝጋቱ በፊትና በኋላ በማነጻጸር ነው። ፒ62 የተባለውም ፕሮቲን ይረዳል፤ እርሱ ቆሻሻውን ይዞ አብሮ የሚፈጭ ስለሆነ ሲቀንስ መንገዱ ክፍት መሆኑን፣ ሲከማች ደግሞ መዘጋቱን ያመለክታል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ኤልሲ3 ደምቆ ያየሁበትን ናሙና «ኦቶፋጂ ጨምሯል» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ናሙናው ክሎሮኪን የነካው፣ ማለትም መፍጫው የተዘጋበት ነበር። አማካሪዬ ያን ገጽ መልሰውልኝ እንደገና ጻፍኩት፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ጽሑፍ በክምሩ ብቻ አላምንም።

መለኪያው በትክክል ተሠርቶ ኦቶፋጂ በእርግጥ መነሣቱ ቢታወቅ እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ ሕዋሱ የሞተው በኦቶፋጂ ነው ወይስ ኦቶፋጂ ሊያድነው እየታገለ ነው የሞተው? ዋናተኛ ሰጥሞ ቢገኝ ክንዱን ሲያወራጭ ነበርና ያሰጠመው ማወራጨቱ ነው አይባልም። ማረጋገጫው አንድ ነው፤ የኦቶፋጂን ጂን አስወግዶ ያንኑ ንጥረ ነገር እንደገና መስጠት። ሕዋሱ ከተረፈ ገዳዩ ኦቶፋጂ ነበር፤ ፈጥኖ ከሞተ ግን ኦቶፋጂ ጠባቂው ነበር። በአንጀት ካንሰር ሕዋሳት ላይ ይህ ፈተና ሲደረግ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ሁለተኛው ነው።

ብዙ ጊዜ አልኩ እንጂ ሁልጊዜ አላልኩም። ከመጠን ያለፈ ኦቶፋጂ የሚገድልበት፣ ኦቶሲስ የተባለ ሞት እ.ኤ.አ. በ2013 ተገልጿል፤ ሶዲየምና ፖታሲየምን በሚያመላልሰው የሕዋስ ፓምፕ ላይ የተመሠረተ ሲሆን ካስፔዝ አያስፈልገውም። ፌሮፕቶሲስ የሚባለው ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. ስም የወጣለት በብረት የሚመጣ ሞት ነው። ሕዋሱ ብረትን ፌሪቲን በተባለ ማከማቻ ፕሮቲን ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጣል፤ ኦቶፋጂ ያንን ማከማቻ ሲፈጨው ብረቱ ይፈታና የሕዋሱን ሽፋን ስብ ከኦክስጅን ጋር አዋህዶ ያበላሸዋል፣ ሽፋኑም ይቀደዳል። አፖፕቶሲስን መዝጋት የለመደ የአንጀት ካንሰር ሕዋስን በዚህ ሌላ በር መግደል ይቻል ይሆን ወይ የሚለው ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች የሚደክሙበት ነው፤ እኔም ትልቅ ተስፋ የማደርገው በዚህኛው ላይ ነው። ሆኖም ሁለቱም በላቦራቶሪ በተመረጡ ንጥረ ነገሮች የሚገፉ ሞቶች ናቸው።

ኦቶፋጂ ካንሰሩን የሚያስጥለው ከሆነ ለምን አናግደውም? ተሞክሯል። መድኃኒቱንም እርስዎ በደንብ ያውቁታል፤ በአገራችን ለቫይቫክስ ወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን የላይሶዞሙን አሲድነት በማርከስ ኦቶፋጂን መጨረሻው ላይ ይዘጋዋል። በላቦራቶሪ ከፍሎሮዩራሲል ጋር ሲጣመር የአንጀት ካንሰር ሕዋሳትን ሞት ጨምሯል። በሰው ላይ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልሆነም። መደበኛ ኬሞ መሥራት ባቆመላቸው የአንጀት ካንሰር ታማሚዎች ላይ ሃይድሮክሲክሎሮኪንን ቮሪኖስታት ከተባለ መድኃኒት ጋር አጣምሮ ሬጎራፌኒብ ከተባለ ሌላ የካንሰር መድኃኒት ጋር ያነጻጸረ ሙከራ ተደርጎ ጥምሩን በወሰዱት ላይ በሽታው ቶሎ ገፋ። ለዚህ አንዱ ምክንያት ሊሆን የሚችለው በአይጥ የአንጀት ካንሰር ሕዋሳት ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው ነገር ነው፤ በኬሞ የሚሞት ሕዋስ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳትን የሚጠራው ኤቲፒ የተባለውን የሕዋስ ጉልበት የሚያዝበት ውሁድ በማፍሰስ ሲሆን፣ ያን ኤቲፒ ለማፍሰስ ኦቶፋጂ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ኦቶፋጂን ማገድ ሕዋሱን ለሞት ቢያቀርበውም፣ ለመሞቱ ምስክር የሚሆነውን ጥሪ ያፍነዋል። እባክዎ ክሎሮኪን ከፋርማሲ ገዝተው ለአባትዎ እንዳይሰጡ፤ መጠኑ ሲያልፍ የልብን ምት ያዛባል፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድም የዐይንን ሬቲና ይጎዳል።

ወደ ጾሙ እመለሳለሁ። አባትዎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባይመገቡ በመላ አካላቸው፣ በተለይ በጉበታቸው ውስጥ ኦቶፋጂ ሊነሣ ይችላል፤ ካንሰሩን የሚለይበት ዐይን ግን የለውም። ይባስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2018 በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት የታማሚው አካል ራሱ የሚያካሂደው ኦቶፋጂ በደም ውስጥ ያለው አርጂኒን የተባለ አሚኖ አሲድ እንዳይጠፋ በመጠበቅ ዕጢውን ሲቀልብ ታይቷል። ሌላ ቀደም ያለ እ.ኤ.አ. የ2009 ጥናት ደግሞ ፒአይ3ኬ የተባለው የእድገት መንገድ በሚውቴሽን (በጂን ለውጥ) የተከፈተባቸው የካንሰር ሕዋሳት አይጦቹ ምግብ ሲቀነስባቸውም ማደጋቸውን እንዳላቆሙ አሳይቷል፤ ይህ ሚውቴሽን በአንጀት ካንሰር ውስጥ ብርቅ አይደለም። በአንጻሩ የተራበ አካል አሚኖ አሲድ የሚያመጣው ከጡንቻ ነው። ጡንቻው የሳሳበት ታማሚ ኬሞ ይከብደዋል፣ መጠን ይቀነስበታል ወይም ቀጠሮ ይተላለፍበታል፤ ያን ጊዜ ካንሰሩ እፎይ ይላል። ደግሞም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአባትዎ ውስጥ የቀረ የካንሰር ሕዋስ ቢኖር በውስጡ ኦቶፋጂ ተነሣ አልተነሣ የሚል የተለመደ የደም ምርመራ የለም፤ ክብደታቸው መቀነሱን ግን ሚዛን ይነግረናል።

አባትዎ የሚጾሙት ለነፍሳቸው እንደሆነ እረዳለሁ፤ ያንን የምቃወምበት አንደበት የለኝም። ቤተ ክርስቲያንም ለታመመ ሰው ታዝናለች፤ ከንስሐ አባታቸው ጋር ቢመካከሩ ሰዓቱን የሚያላላ ምክር እንደሚያገኙ አምናለሁ። ሥጋና ወተት መተዉ ሳይሆን የሚያሳስበኝ ረጅሙ ሰዓትና የፕሮቲኑ ማነስ ነው። በካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኝ ይመከራል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። አንድ መቶ ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጣል። ከጠዋት ጀምሮ በትንሽ በትንሹ ምስር፣ ሽሮ፣ ሽምብራ፣ ኦቾሎኒ ቢመገቡ፣ ከጾሙ ውጭ ባሉት ቀናት ደግሞ እንቁላልና ከጣና የሚወጣው ቆሮሶ ቢጨመርላቸው ይደርሳሉ። ተቅማጥ ሲኖር ወይም አንጀታቸው ጥራጥሬ አልችል ሲል የሚከታተሏቸው ሐኪም ሌላ ያዝዙላቸዋል። ሳልረሳው፤ ኦክሳሊፕላቲን በወሰዱ ሰሞን ቅዝቃዜ እጅና ጉሮሮን ስለሚያደነዝዝ በጀልባው ላይ ጓንትና የአንገት ልብስ አይለያቸው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪማቸው ሁለት ነገር ያቅርቡ። አንደኛው የጾሙ ሐሳብ ራሱ ነው፤ ሳይደበቅ ይነገራቸው፣ ምክንያቱም የመድኃኒቱ መጠን የሚታሰበው በአባትዎ ክብደትና ቁመት ነው። ሁለተኛው የክብደት መዝገብ ነው፤ በየቀጠሮው በአንድ ሚዛን፣ በአንድ ዓይነት ቀለል ያለ ልብስ ይመዘኑና ከነቀኑ ይጻፍ። በስድስት ወር ውስጥ ከክብደታቸው ከመቶ አምስት እጅ በላይ ከቀነሰ፣ ማለትም 60 ኪሎ ከነበሩ ከ57 በታች ከወረዱ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይዘዋቸው ይምጡ።